ካምቢዮው ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የገመዱ ነው

ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናዬ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ድርቅ አለች። የካምቢዮ፣ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን) እና የመሪ ማስጠንቀቂያ መብራቶች አንድ ላይ በሩ። አጥፍቼ ሳስነሳት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነች።

ስፖርት መኪና ነች። አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ሁለት ፍሪሲዮን አለው፤ አንዱ 1፣ 3 እና 5ን፣ ሌላው 2፣ 4 እና 6ን ይይዛል። የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። የሚደርሰው ቮልት ሲዋዥቅ ካምቢዮውን ለመጠበቅ ማርሹን ይቆልፋል።

አንድ ጋራዥ "ካምቢዮው ይውረድ" አለኝ። አልተዋጠልኝም። የማይገናኙ መብራቶች አንዴ ከበሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪክ ነው።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ወጣሁ። ባትሪው 12.5 ቮልት፣ ደህና ነው። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ያዝኩና ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ። 1.2 ቮልት! ከ0.5 ማለፍ አልነበረበትም። ኔጋቲቩን ከሻንሲው (ከመኪናው ብረት አካል) እና ከሞተሩ የሚያገናኘው ገመድ ኤሌክትሪኩን በደንብ አያሳልፍም ማለት ነው። ኔጋቲቩን ከባትሪው አላቅቄ ገመዱ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈታሁ። ሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ የገመዱ ክሮች ግማሾቹ ተበጣጥሰዋል። ብረቱን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። አዲስ ገመድ አስሬ ግሪስ ቀባሁት። ድጋሚ ስለካው 0.1 ሆነ። የተመዘገቡትን ስህተቶች በኮምፒዩተር አስጠፋሁ።

ትናንት ደንገጎን ሁለቴ ወጣሁት። ማርሹ ሳያንገጫግጭ ይገባል፣ አንድም መብራት አልበራም።