«ስክሪኑ ሞቷል» የተባለ ቲቪ፦ ይጠገናል ወይስ ይበተናል?

«ስክሪኑ ተሰብሯል» ተብሎ የመጣልኝን ቲቪ ሁሉ ብቆጥር፣ መስታወቱ እውነት የተሰበረው ግማሹ ቢሆን ነው። የቀረው ጨልሟል እንጂ አልተሰበረም። ሰው ግን ምስል ካጣ «ስክሪኑ ሞተ» ብሎ ይፈርድና ለቆራሌው ይሸጠዋል። እኔ ደግሞ ከቆራሌው እገዛዋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ይሄ ነው፦ የተሰበረው መስታወቱ ነው ወይስ የጠፋው ከኋላው ያለው መብራት?

ሶኬትና ሪሞት አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ችግር፦ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ ወይም ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር እድፍ

ምክንያቱ ፓኔሉ ነው። ፓኔል ማለት በሁለት ስስ መስታወቶች መሃል ፈሳሽ ክሪስታል የተያዘበት ክፍል ነው። ከተሰነጠቀ በኋላ በማጣበቂያ አይድንም። አንዳንዴ ከላይ በእጅ ስትዳብሱት ለስላሳ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ነው ያለው። «ማንም አልነካውም» ይሉኛል። በጎን በኩል ባትሪ ሳበራበት የጆይስቲክ (የጌም መጫወቻ እጀታ) ጫፍ የመሰለች ነጥብ አገኛለሁ፣ ስንጥቆቹ ሁሉ ከእሷ ነው የሚነሱት። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ጣሪያ ያያል።

መፍትሄ፦ አትጠግኑት። የቲቪው ዋጋ አብዛኛው ፓኔሉ ነው፤ ፓኔል ገዝቶ መቀየር አዲስ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ተመሳሳይ ፓኔል ካገለገለ ቲቪ ካገኛችሁ እንኳ፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለውን ሞዴል አትመኑ። አንድ ሞዴል በተለያየ ፓኔል ሊወጣ ይችላል። መመሳሰል ያለበት ራሱ ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው።

ግን አትጣሉት። ባልተሰበረው በኩል ምስል ከታየ ቦርዶቹ ሁሉ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ዋና ቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያድለው ቦርድ)፣ ስፒከሮቹ ለጠጋኝ ይሸጣሉ። በኪሎ አትሽጡት፣ እባካችሁ።

ችግር፦ ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው (ወይም ለአንድ ሰከንድ በርቶ ይጠፋል)

ይሄን ነው በየሳምንቱ የማየው፤ የምኖረውም በሱ ነው።

ክፍሉን አጨልሙ። ቲቪውን አብሩና በሪሞት ሜኑ ክፈቱ። የስልካችሁን ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ ዘንበል አድርጉ። ሜኑው እንደ ጥላ ደብዝዞ ከታያችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ፓኔሉ ደህና ነው፣ የሞተው ባክላይቱ፣ ማለትም ከኋላው ያለው መብራት ነው። ኦኤልኢዲ በሚባለው፣ ስክሪኑ ራሱ በሚያበራ ቲቪ ላይ ይሄ ሙከራ አይሠራም፣ ባክላይት የለውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፓኔሉ ኋላ ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች በቀጭን ዘንግ ላይ በተከታታይ ተያይዘዋል። እንደ ድሮው የገና ዛፍ መብራት፣ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋል። ለምን ይቃጠላሉ? ብዙ ቲቪ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው። ባለቤቱም አይቀንሰውም። ኤልኢዲ ደግሞ ሙቀት አይወድም።

መፍትሄው ውስጥ ገብቶ ኤልኢዲውን መቀየር ነው። ከመክፈታችሁ በፊት፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ሶኬቱን ከነቀላችሁ በኋላም ሊይዝ ይችላል። በመልቲሜትር ለኩት። በካቻቢቴ አታገናኙት። አንድ ቀን ቸኩዬ ነካሁት፤ እስከ ማታ ክንዴ የኔ አልመሰለኝም።

ቀጥሎ ፓኔሉን ማንሳት ነው። ብዙ ቲቪ የሚገደለው እዚህ ነው፣ ያውም በጠጋኝ እጅ። ለሁለት አንሱት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጥግ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ እንደ እንጀራ አይታጠፍም። ጠርዙ ላይ ያሉትን ስስ ቡናማ ሪባኖች አትንኩ፣ አንዱ ከተቀደደ አለቀ። የመጀመሪያውን ፓኔል የሰበርኩት ረዳቴ ምሳ ወጥቶ ብቻዬን ሳነሳ ነው። ቀጭን «ጢቅ» የሚል ድምፅ አለው። ዋጋውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ከሥሩ ያሉትን ነጫጭ ሉሆች ስታነሱ ቅደም ተከተላቸውንና ፊታቸውን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ኤልኢዲዎቹ ይታያሉ። የተቃጠለችው ብዙ ጊዜ ቢጫዋ መሃል እንደ ቡና ፍርፋሪ ያለች ጥቁር ነጥብ አላት። ካልታየች በኤልኢዲ መሞከሪያ አንድ በአንድ እለፉ።

የተቃጠለችውን ብቻ አትቀይሩ። ጀማሪ ሳለሁ አንዷን ቀይሬ ገንዘብ ተቀበልኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ቲቪውን ተሸክመው በሬ ላይ ቆሙ። ጎረቤቷ ኤልኢዲ ተቃጥላ ነበር። ሁሉም እኩል አርጅተዋል፣ ሁሉም ይቀየሩ። ስትገዙ የኤልኢዲውን ብዛት፣ የዘንጉን ርዝመት፣ ደግሞም 3 ቮልት ይሁን 6 ቮልት አረጋግጡ። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂዱ። ርካሹ ዘንግ ላይ ሌንሷ (ኤልኢዲዋ ላይ የተለጠፈችው ብርሃን በታኝ ክዳን) በጥፍር ስትነካ ትወድቃለች። ሲያልቅ ከሜኑው ባክላይቱን ወደ 50 ወይም 60 በመቶ አውርዱት።

ሌሎቹ በአጭሩ

ክብ ነጫጭ ነጥቦች ካሉ የኤልኢዲ ሌንስ ወድቋል፤ መልሶ ማጣበቅ ነው። ምስሉ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ኤልኢዲው አርጅቷል፣ ይቀየራል። ከላይ እስከ ታች የሚሄዱ መስመሮች ብዙ ጊዜ የጠርዙ ሪባን ናቸው፤ ያለ ልዩ ማሽን አይሠራም፣ ተዉት። ምክንያቱ አንዳንዴ እርጥብ ጨርቅ ነው። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሪባኑ ደግሞ እዚያ ሊሆን ይችላል። ስክሪን በውሃ አይታጠብም! ፕላዝማ ከተሰነጠቀ በቃ። ትልቅ ጀርባ ያለውን የድሮ ቲቪ አትክፈቱ፣ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለ።

ቲቪ ስታመጡ ደግሞ አቁማችሁ አምጡ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቲቪዬ ድምፅ ብቻ ቀረው» ብለው ደወሉልኝ። ባክላይት ነው፣ ያምጡት አልኳቸው። የእህታቸው ልጅ 43 ኢንቹን በጋቢ ጠቅልሎ የታክሲ ወንበር ላይ በፊቱ አስተኛው። ላዩ ላይ የሽንኩርት ዘንቢል አስቀመጠ። ሱቅ ስከፍተው ሜኑው በባትሪ ብርሃን በደንብ ይታያል፣ ከቀኝ ጥግ ደግሞ ገና ትኩስ ስንጥቅ ወደ መሃል ወጥቷል። የሚጠገን ቲቪ መንገድ ላይ የማይጠገን ሆነ። ልጁ «ሲነሳም እንዲህ ነበር» አለ። እናትየው ዘንቢሉን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ምንም አላሉም።

ቦርዶቹን ወሰድኩና በምትኩ ከቆራሌው ገዝቼ የጠገንኳትን 32 ኢንች ትንሽ ጨምረው ወሰዱ። ልጁ ሊሸከምላቸው እጁን ሲዘረጋ «ተው» አሉት። ራሳቸው ታክሲው ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አቁመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘዋት ሄዱ። ዘንቢሉን ለሱ አሸከሙት።