ባሕር ዳር ዶርም ለምትገቡ፦ ከሻንጣው የቀረው ትንሽ ዕቃ የሚያመጣው ጣጣ

ዶርም የገባሁ ዕለት ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዤ ነበር። ሦስት ጂንስ፣ ሁለት ጃኬት፣ ስድስት ሹራብ። ሲመሽ ግን አጎበሩን የማስርበት ገመድ የለኝም። ሎከሩን የምዘጋበት ጓጉንቸር የለኝም። ውሃ የምቀዳበት ዕቃም የለኝም። ያንን ሌሊት ሻንጣዎቹን ከአልጋው እግር ጋር በሻርፕ አስሬ፣ ቢንቢ ስከላከል አደርኩ።

አሁን የዘመድ ልጆች ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳቸው ይደውላሉ። «ምን ልያዝ?» ይሉኛል። ስለ ልብስ ብዙም አላወራም። ልብስ ቅዳሜ ገበያም ይገኛል። ዶርም ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው ገመድ፣ መርፌ፣ ክዳን፣ ቁልፍ አጥቶ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከገቡ በኋላ ደውለው ከሚነግሩኝ ችግር ልነሳና ምክንያቱንና መፍትሄውን ልንገራችሁ።

«አጎበር አለኝ፤ ቢንቢ ግን ሲበላኝ አደረ»

ከሁሉ በፊት ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው። ወባ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባውም በዚሁ ሰሞን ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እናንተ ተኝታችሁ ማለት ነው።

አጎበር ተሰቅሎ እያለ የሚነክሳችሁ ከሆነ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር አልገባም። ወይ ክንዳችሁ ወይም እግራችሁ ከመረቡ ጋር ተጣብቆ ያድራል። ቢንቢዋ ደግሞ በመረቡ ቀዳዳ በኩል ትነክሳለች። ወይ የሆነ ቦታ ተቀዷል። የኔው አጎበር በእግሬ በኩል አንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። ጠዋት ስነቃ ሦስት ቢንቢዎች ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሆዳቸው ቀይ ሆኖ ተነፍቷል። ገብተው ጠግበው መውጫው ጠፍቷቸው ነው።

መፍትሄው መርፌና ክር፣ እንዲሁም ስምንት ሜትር ያህል ሲባጎ ነው። ሲባጎውን አራት ቦታ ቁረጡና በአራቱም ማዕዘን እሰሩት። ተደራራቢው አልጋ ታች ከሆናችሁ ከላይኛው አልጋ ብረት ጋር ይታሰራል። ቀላል ነው። ላይ ከሆናችሁ ግን ማሰሪያ አታገኙም። አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ፍርግርግ፣ ሌላውን ከሎከሩ ላይኛው ጫፍ እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ስለዚህ ለላይኛው አልጋ ሲባጎው ረዘም ይበል። ሲታሰር አይወጠር። ላላ ብሎ እንዲወርድና ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር እንዲገባ አድርጉ። ይህን የምታደርጉት ሳይጨልም ነው። ከጨለመ በኋላ ከሆነ ቢንቢዋን አብራችሁ ትዘጉባታላችሁ።

መድኃኒት የተነከረ አዲስ አጎበር ከሆነ ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ አንድ ቀን ጥላ ሥር አናፍሱት። ፊት የሚያቃጥለው ሳታናፍሱ ስትተኙበት ነው። ስታጥቡት በረኪና አትንኩት፤ ፀሐይ ላይም አታስጡት። መድኃኒቱን ይገድለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲጀምራችሁ ዛሬውኑ ክሊኒክ ሂዱና ደም ተመርመሩ። «ነገ ይለቀኛል» አትበሉ። የዶርም ጓደኛ ካለፈው የተረፈ ኮአርተም (የወባ መድኃኒት) ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። የተረፈ ከሆነ መጀመሪያውኑ እሱም አልጨረሰውም ማለት ነው።

«ገላዬን በመስመር በመስመር አሳከከኝ»

ቢንቢ የነከሰው እዚህም እዚያም ነው። ቁንጫ ቁርጭምጭሚትና ባት ይወዳል። ሦስት አራት ንክሻ ተሰልፎ አንገትና ክንድ ላይ ካያችሁ ትኋን ጠርጥሩ። የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ብረት መጋጠሚያ እዩ። በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አለቀ፣ እሱ ነው።

ብዙ ሰው ፍራሹ ላይ ማላታይን ይረጫል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መርዙን ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ። ትኋንን የሚገድለው ሙቀት ነው። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በፈላ ውሃ ንከሩት። በአልጋው ብረት መገጣጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ፍራሹን አውጥታችሁ አራግፉና ስፌቱን በብሩሽ ፈትጉት። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ሥሩት፤ እንቁላሉ ይፈለፈላልና። ለአንድ አልጋ ብቻ ቢሠራ ዋጋ የለውም። የዶርሙ ልጆች በሙሉ በአንድ ቀን ማውጣት አለባችሁ። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል ክረምቱን ባዶ የከረመ ዶርም ነፃ ነው አይባልም። ስለዚህ ገና ስትገቡ፣ ዕቃችሁን ከማራገፋችሁ በፊት ፍራሹን ፈትሹ። ነጣ ያለ አንሶላ ያዙ። ነጠብጣቡን ቶሎ ያሳያል።

«ውሃ የለም»

ውሃ ሲጠፋ አዲስ ገቢው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ገዝቶ ይመጣል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሙሉው 20 ኪሎ ነው። ዶርማችሁ ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ትተዉታላችሁ። እኔ የምመክረው ሁለት ባለ 5 ሊትር ነው። በሁለት እጅ ተከፍሎ ይያዛል፤ አልጋ ሥርም ይገባል። ውሃ ባለ ጊዜ ሞልታችሁ አስቀምጡ። ሲጠፋ የሚሮጠው ሌላው ይሆናል።

ለመጠጥ ደግሞ ውሃ አጋር (ውሃ የሚያክም ክሎሪን) ያዙ። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በመጀመሪያው ወር ሆድ የሚያመው ሁሉ «የካፌ ምግብ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ውሃው ነው። ወይም ውሃው የተቀመጠበት ክዳን የሌለው ዕቃ ነው።

«ቆላ ነው ብለውኝ ነበር፤ በብርድ አለቅሁ»

ይህ የአዲስ አበባ ልጆች ችግር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ዶርሙ እንደ ምጣድ ይግላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ሊነጋጋ ሲል ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከደጋ የሚመጡት ደግሞ በተቃራኒው ቡልኮ ተሸክመው ይመጣሉ፤ በሚያዝያ የሚያስቀምጡበት ያጣሉ።

ለሁለቱም መልሱ አንድ ስስ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱን ደርባችሁ ትተኛላችሁ። ሚያዝያ ላይ ጋቢው ብቻ ይበቃል። ጋቢ ለንባብም ይሆናል። ሌሊት ስፔስ (ተማሪ የሚያነብበት ክፍል) ስትቀመጡ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። እኔ ከያዝኩት ልብስ ሁሉ እስከ ምረቃ ያገለገለኝ እሱ ነው።

«መብራቱ ጠፋ፤ የኛ ዶርም ብቻ»

ጎረቤት እየበራ የእናንተ ብቻ ከጠፋ የሰፈሩ መብራት አይደለም። አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ውሃ ማፍያ ሰክቷል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 2,000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ከገበያ በርካሽ የሚገዛ ዲቫይደር ላይ «10 አምፔር» ተጽፎ ታያላችሁ። የውስጡ ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ስድስት ስልክና ሁለት ላፕቶፕ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ምድጃ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ዕድለኛ ስትሆኑ ነው። ብሬከሩ ካልወረደ ሽቦው ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ዲቫይደሩን በእጃችሁ ነክታችሁ ከሞቀ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ወዲያው ከግድግዳው ንቀሉት። እንደገና አትጠቀሙበት። ምድጃ ለዶርም አይያዝም። መከልከሉ አለምክንያት አይደለም። ፍራሽና መጋረጃ በሞላበት ክፍል እሳት ሲነሳ ስድስት ሰው መውጫው አንድ በር ነው።

የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው ፓወር ባንክ ነው። 20,000 ሚሊአምፔር የሚለው 5,000 የሆነ ስልክ ባትሪን አራት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ። በመሐል የሚባክን አለ። ሁለት ተኩል ጊዜ ከሞላ ጥሩ ነው። ፈተና ሰሞን ይህ ወርቅ ነው።

«ከሎከሬ ዕቃ ጠፋ»

መጀመሪያ የቁልፉን ቀለበት እዩ። የሎከሩ ማሰሪያ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ጓጉንቸር አይገባም። ያኔ ሰው ተስፋ ቆርጦ ተራውን ቀጭን ቁልፍ ይገዛል። እሱ በማንኪያ ይከፈታል። ገበያ ስትሄዱ የቀዳዳውን ስፋት በእርሳስ ለክታችሁ ሂዱ። መካከለኛ ሆኖ ከባድ የሆነውን ምረጡ። ትርፍ ቁልፉን ሌላ ዶርም ላለ የምታምኑት ሰው ስጡ። ቁልፍ ሎከር ውስጥ ረስቶ መዝጋት የሁሉም ሰው ነገር ነው።

ዶክመንት ግን ሌላ ነው። የጥሪ ማስታወቂያው የሚጠይቃችሁን ታውቃላችሁ፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ዋናውን ሰርተፍኬት አሳይታችሁ እንደተመዘገባችሁ ለቤተሰብ መልሱት። ኮፒው ይበቃችኋል። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ። ስልክም ይጠፋልና።

ግቢያችሁንም አስቀድማችሁ እወቁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ግቢዎቹም የተለያየ ቦታ ናቸው፤ ፔዳና ፖሊ አንድ አይደሉም። ዘንዘልማ የደረሳችሁ ደግሞ ከከተማው ወጣ ስለሚል ሲባጎውን፣ ጀሪካኑንና ቁልፉን ገዝታችሁ ግቡ።

«በሶዬን ጉንዳን ወረሰው»

በላስቲክ ስለታሰረ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ሁሉ የሚጠመዘዝ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ይያዝ። ስኳሩ ለብቻው ይሁን። በሶውን ስኳር ቀላቅላችሁ ከያዛችሁት ጉንዳን ከሦስተኛ ፎቅም ይደርሳል። ለካፌው ወጥ የምትጨምሩት ሚጥሚጣ አትርሱ።

«ከወር በኋላ ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ ሰገራዬም ደም አለው»

ይህን የጻፍኩት ሐይቁን እንድትጠሉት አይደለም። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ማታ ንፋስ መቀበልን የመሰለ ነገር የለም። ግን ውሃ ሲጠፋ ልብሱን ይዞ ወደ ዳር የሚወርድ ተማሪ አለ። ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ያጥባል። በዳርቻው ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች የሚራባ የቢልሃርዝያ ትል አለ። በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ውሃውን ባትጠጡትም ይይዛችኋል። ምልክቱ ሳምንታት ቆይቶ ስለሚመጣ ማንም ከሐይቁ ጋር አያያይዘውም። ክሊኒክ ስትሄዱ «ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ታሳጥራለች። በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይድናል።

ከቤት ይዛችሁ የምትመጡት ደግሞ አንድ ሳፋ ነው። ብዙ ሰው «ቦታ ይይዛል» ብሎ ይተወዋል። ልብሳችሁን ሳፋው ውስጥ አድርጋችሁ በማዳበሪያ ጠቅልሉት፤ ሻንጣ ይሆናል። ነጠላ ጫማም ጨምሩበት። ሻወር ቤት ባዶ እግር መግባት የእግር ጣት መሐል ያቆስላል።

«ማንም አያናግረኝም»

ይህም ችግር ነው፤ በስልክ ስነገረው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ይህ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ስድስቱም አልጋቸው ላይ ሆነው ስልክ ያያሉ። ኩራት አይደለም፤ ሁሉም ያፍራል፣ ሁሉም ቤቱ ናፍቆታል።

ቆሎውን ለብቻችሁ አትብሉ። መሐል ላይ ዘርጉት። ኩባያም ሁለት ያዙ። እኔ ሁለተኛውን የያዝኩት እናቴ በግድ ሻንጣው ውስጥ ስለከተተችው ነው። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ ከሰቆጣ ነበር የመጣችው፤ ኩባያ አልያዘችም። በመጀመሪያው ማታ በሶ በጥብጬ በሁለተኛው ኩባያ ሰጠኋት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዚያው ጠጣች።