ኬሚካል ጎድቶኝ ይሆን? ጅማ ላይ ሐኪም እንዴት ይፈለጋል?

«የመርዝ ሐኪም» የሚል ታፔላ ፍለጋ አትድከሙ። የትኛው ሐኪም እንደሚያስፈልጋችሁ የሚወስነው የጠረጠራችሁት ነገርና የታመመው የሰውነት ክፍል ነው።

ድንገተኛ ከሆነ ስፔሻሊስት ማማረጥ የለም። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ የዋለ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። ከዚያ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ወተት ማጠጣቱና በግድ ማስመለሱ ግን ይቅር።

የቆየ ሕመም ከሆነ መጀመሪያ ወረቀት አውጡና ጻፉ። ምን ትሠራላችሁ? የቡና ማበጠሪያ አቧራ፣ የባትሪ ጥገና፣ የቀለም ሥራ፣ የእርሻ ኬሚካል? ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከሥራ ስትርቁ ይሻላችኋል? ቤት ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ ሌላ የታመመ አለ? ውሃችሁ ከየት ነው? የኬሚካሉን ስም ከነጽሑፉ ፎቶ አንሱት። ወረፋ በበዛበት ቀን ሐኪሙ ስለ ሥራችሁ ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት። በእኔ እምነት ይህ ወረቀት ከግማሹ ላቦራቶሪ ይበልጣል።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ፤ በተለይ የጤና መድን ካላችሁ ደረጃውን አትዝለሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትደርሱ መነሻችሁ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነው። ለልጅ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም። እጅና እግር ከደነዘዘ ወደ ነርቭ፣ ሳልና ትንፋሽ ከሆነ ወደ ሳንባ ሐኪም የሚመራችሁ እሱ ነው።

ምርመራ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም መርዝ ባንዴ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የጠረጠረውን ለይቶ ማዘዝ አለበት። ጊዜውም ወሳኝ ነው። የከሰል ጭስ መርዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) በሰዓታት ውስጥ ከደም ይቀንሳል። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያም አይለየውም፤ ጭስ ያፈነውን ሰው መለኪያው ደህና ነው ቢልም አትመኑት። የባትሪ እርሳስ በደም ውስጥ ግማሹ የሚቀንሰው በአንድ ወር ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ሊፈለግ ይገባል። ለአንዳንድ ፀረ ተባዮች ደግሞ ኮሊንኤስተሬዝ የሚባል የደም ምርመራ አለ።

ሐኪሙን «ይህ እዚሁ ይሠራል ወይስ ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁ። በፀጉር ምርመራና «መርዝ ያጥባል» በሚባል መጠጥ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ውሃውን ወይም አፈሩን ከጠረጠራችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል አለው፤ የት እንደሚመረመር እዚያ ጠይቁ። ውጤቱንም ለሐኪማችሁ አሳዩ። የእያንዳንዱን ምርመራ ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሪፈሩ አዲስ አበባ ድረስ ከሄደ ከዜሮ አትጀምሩም።