ጌሾው ሻገተ፣ ጠጁ መረረ፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ጠላ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጋኑ ነው። «በደንብ አልታጠነም» ይባላል። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ጌሾውን ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሳይጠነሰስ፣ ቅጠሉ ሲሰጣ ነው።

ቅጠሉ ጠቁሮ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ካመጣ፦ ሳይደርቅ ተከቷል። ጌሾ ያታልላል። ገጹ በአንድ ቀን ፀሐይ ይንኮሻኮሻል፤ መሃሉ ላይ ያለው ጅማት ግን ገና እርጥብ ነው። አምና በጥቅምት ከጓሮዬ የቆረጥኩትን ሁለት ቀን ብቻ አስጥቼ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ሳምንት እጄን ስሰድ መሃሉ ሞቅ አለኝ። ስበትነው ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተያይዟል። ሁሉንም ጣልኩት። እናንተም አትሳሱ። መልሶ ማስጣት ሻጋታውን ያደርቀዋል እንጂ የተወውን መርዝ አያወጣም፤ መቀቀልም አያስተማምንም።

ለሚቀጥለው፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቁረጡ። ሰሌን ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ገልብጡት፣ ማታ ማታ አስገቡት። ጅማቱን ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተለመጠ ገና ነው።

ደርቆ ገብቶ ክረምት ላይ ከረጠበ፦ ጥፋቱ የማስቀመጫው ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጆንያ ከታች እርጥበት ይስባል። ቆጥ ላይ ስቀሉት፣ ካልሆነ ጣውላ አንጥፉለትና ከግድግዳው አርቁት። ክዳኑ ግጥም የሚል ባልዲም ይሆናል፣ ጌሾው የምር ከደረቀ።

ሽታው ጠፍቶ ምሬቱ ከሳሳ፦ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ቀድሞ ተወቅጧል። ቅጠሉን ሙሉውን አስቀምጡና የምትጠነስሱ ዕለት ውቀጡት። ለጠጅ የሚሆነውን እንጨት ስትገዙ ደግሞ ልጡን ነከስ አድርጉ። ምሬቱ ምላስ ላይ ካልቆየ ተዉት። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ግድ የለም።

ጠጁ ከመጠን በላይ ከመረረ፦ እንጨቱ ብዙ ቆይቶበታል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እየቀመሳችሁ፣ ልክ ሲሆን አውጡት። ካለፈ ደግሞ ማር በጥብጣችሁ ጨምሩበት። እንደገና ስለሚፈላ ክዳኑን አታጥብቁ፤ ጠርሙስ ውስጥማ ጭራሽ እንዳታሽጉት፣ ይፈነዳል።

ጠጁ አልፈላም ካለ፦ ጌሾውን ቀቅላችሁ ትኩሱን ማሩ ላይ ገልብጣችሁት ይሆናል። እርሾው በሙቀት ይሞታል። እጅ የማያቃጥል እስኪሆን አቀዝቅዙት። ከዚያ ጎረቤት እየፈላ ያለ ጠጅ ካለ አንድ ኩባያ ለምናችሁ ጨምሩበት። ሲደርስ ግን ኩባያውን ሞልታችሁ መመለስ አለባችሁ።