ኮለም ክሮማቶግራፊን በጓሮ ጎመን ማስተማር

ኮለም ክሮማቶግራፊ ድብልቅ ነገርን ዱቄት በተሞላ ቱቦ ውስጥ በፈሳሽ እያወረዱ የመለየት ዘዴ ነው። ስታስተምሩት ቲዎሪውን ለጊዜው ተዉት። ተማሪዎቹን ጎመን አምጡ በሏቸው፤ ጎጃም ውስጥ ጎመን የሚቸግረው ተማሪ የለም።

ቅጠሉን በሙቀጫ ከትንሽ አሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) ጋር ደቁሱት። የሚወጣውን አረንጓዴ ጭማቂ ግን በቀጥታ ኮለሙ ላይ እንዳታፈሱት፣ አሴቶኑ ቀለሙን ሁሉ አንድ ላይ ጠርጎ ያወርደዋል። ፔትሮሊየም ኤተርና (ከዚህ በኋላ ኤተር የምንለው እሱን ነው) ጨው የገባበት ውሃ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ ናጡት። ቀለሙ ወደ ላይኛው ኤተር ይሄዳል፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

የመስታወት ኮለም ከሌለ የፋርማሲ ሲሪንጅ ይበቃል። መግፊያውን አውጡ፣ ከታች ጥጥ ወትፉ፣ ሲሊካ ጄል የሚባለውን ነጭ ዱቄት በኤተር በጥብጣችሁ ሙሉት፣ አየር እንዳይቀር ጎኑን መታ መታ አድርጉ። የሲሊካ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍንጫ ይሸፈን። ሲሊካ ከጠፋ አትቁሙ፤ ዘዴውን ያመጣው ሩሲያዊው ሚካይል ጽቬት ራሱ የቅጠል ቀለም የለየው በካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ነበር፣ ጽሑፉንም በ1906 እ.ኤ.አ. አውጥቷል።

ትልቁ ጣጣ መድረቅ ነው። ኤተሩ ከሲሊካው አናት በታች ከወረደ ኮለሙ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም በስንጥቁ ይሾልካል፣ ሥራው ገደል ገባ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ያግዛችኋል፤ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ግን ጠዋት ሥሩት። መስኮት ይከፈት፣ እሳት የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ።

ቀለሙን የያዘውን ኤተር ኮለሙ ላይ ጠብ ከማድረጋችሁ በፊት የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደሚወርድ አስጽፏቸው። አብዛኞቹ አረንጓዴው ይላሉ። ንጹህ ኤተር ስታፈሱ ቢጫው ካሮቲን ቀድሞ ዱብ ይላል፤ ያኔ "እንዴ፣ ይሄ ደግሞ የት ነበር?" ይጀመራል። ቲዎሪው የሚገባው አሁን ነው። ካሮቲን ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ስለሆነ ሲሊካው አይዘውም፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ግን ፖላር (የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ) ክፍል ስላለው ይጣበቃል። ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ዘመድ የበዛበት ሰው በየመንገዱ ሰላምታ ሲያደርስ እንደሚዘገየው ነው።

ከዚያ ዘጠኝ እጅ ኤተር ላይ አንድ እጅ አሴቶን ቀላቅሉ፣ ካልበቃ አሴቶኑን ጨመር አድርጉ። ሰማያዊ ያዘለው አረንጓዴ ክሎሮፊል ኤ ነው፤ ቢጫ ያዘለው ክሎሮፊል ቢ ከኋላው ይመጣል። ግራጫ ነገር ካያችሁ ክሎሮፊሉ ማግኒዥየሙን አጥቷል፤ ጭማቂው አድሮ ከሆነ ትኩስ ቅጠል ደቁሱ።

ፕሮቲን ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ጄል በመጠን ሲለይ ነገሩ ሌላ ነው። ትንንሾቹ የጄሉ ቀዳዳ ውስጥ እየገቡ ስለሚዘገዩ ትልቁ ቀድሞ ይወጣል። እሱን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አቆዩት። የተረፈውን ኤተር ደግሞ ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ በጠርሙስ ከድናችሁ አስቀምጡት።