ኬሚስትሪ ተምሮ የፓተንት ጠበቃ ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ኬሚስትሪ ተምራችሁ ላብራቶሪ ውስጥ መዋል ካልሆነላችሁ፣ ሳይንሱን ግን መተው ካልፈለጋችሁ፣ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ጠበቃነትን በደንብ አስቡበት። ኬሚስትሪው በሩን ይከፍትላችኋል እንጂ የዕለት ሥራው መጻፍ ነው። መጻፍ የማይወድ ሰው ይሰቃይበታል፣ ከወዲሁ ማወቁ ይሻላል።

መጀመሪያ የት አገር መሥራት እንደምትፈልጉ ወስኑ፣ መንገዱ ይለያያልና። አሜሪካ ውስጥ የፓተንት መሥሪያ ቤቱን ፈተና ለመውሰድ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ማሳየት ግድ ነው፤ የኬሚስትሪ ዲግሪ ያንን ያሟላል። ሕግ ሳትማሩ ካለፋችሁ የፓተንት ወኪል ትሆናላችሁ፦ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ፣ ማመልከቻውን ከሚመረምረው የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ጋር ትከራከራላችሁ፣ ፍርድ ቤት ግን አትቆሙም። ጠበቃ ለመባል የሕግ ትምህርትና የጥብቅና ፈቃድ ይጨመርበታል። በአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ፊት ለመቆም ደግሞ የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የሳይንስ ዲግሪ ይዞ፣ በባለሙያ ሥር ለዓመታት ሠልጥኖ፣ ከባድ ፈተና ማለፍ ነው። ዶክትሬት ግዴታ ባይሆንም መድኃኒትና ባዮቴክኖሎጂ ላይ ሚዛን ይደፋል።

ቀጥላችሁ ፓተንት ማንበብ ጀምሩ። ዛሬውኑ። ፓተንትስኮፕና ኢስፓስኔት የሚባሉት የኢንተርኔት የፓተንት መፈለጊያዎች በነፃ ይገኛሉ። የኬሚስቱን የፌሊክስ ሆፍማንን የአስፒሪን ፓተንት ፈልጉ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 የተሰጠ፣ ቁጥሩ 644,077። አጭር ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን የመብት ጥያቄ፣ ማለትም ጥበቃ የሚጠየቅለትን ነገር ወሰን የሚያሰምረውን ክፍል፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ነጭ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መርፌ መሰል ክሪስታሎች፤ በ135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ፤ ሙቅ ውሃ ወደ አሴቲክና ሳሊሲሊክ አሲድ የሚለየው። ደብተር ላይ የምትመዘግቡት ተራ መረጃ እዚህ የንብረት አጥር ሆኗል።

ከዚያ ራሳችሁ ጻፉ። አንድ ኬሚስት «በ70 ዲግሪ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሠራሁት» ብሎ መጣ እንበል። እንዳለ ከጻፋችሁለት ተፎካካሪው በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ75 ዲግሪ ሠርቶት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ጠይቁት፦ በ50ስ? በ90ስ? ሌላ ቤዝስ? ሞክረኸዋል ወይስ ይመስልሃል? «ማንኛውም ቤዝ» ብላችሁ ከለጠጣችሁት ደግሞ መርማሪው የቆየ ሥራ አውጥቶ ውድቅ ያደርግባችኋል፣ ወይም ይህን ሁሉ የሚደግፍ ሙከራ የለም ይላችኋል። የሙያው ጣዕም እዚህ መሃል ላይ ነው፤ ኬሚስት ያልሆነ ጠበቃ እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቁን እንኳ ላያስበው ይችላል።

ከሕጉ ሦስቱን መመዘኛዎች ያዙ፦ አዲስነት፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ እርምጃ፣ ተግባር ላይ መዋል መቻል። ቀኖችንም አትናቁ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከገባ በኋላ፣ ያንኑ ቀን ይዞ ሌላ አገር ለማመልከት ያለው ጊዜ 12 ወር ነው። ግኝቱን ቀድሞ በጆርናል ያሳተመ ተመራማሪ በብዙ አገሮች አዲስነቱን ራሱ ያጠፋዋል፤ ደንበኛ ገና ሲመጣ «እስካሁን ለማን ነግረሃል?» በሉት።

በመጨረሻ ሥራ ፈልጉ። የፓተንት ቢሮዎች መርማሪ ይቀጥራሉ፣ የጥብቅና ድርጅቶች ሠልጣኝ ይወስዳሉ፣ የመድኃኒትና የኬሚካል ኩባንያዎችም የራሳቸው ክፍል አላቸው። ቃለ መጠይቅ ላይ እስክሪብቶ ሰጥተው «ይህን በቃላት ግለጽ» የሚሉ አሉ። ቀለሙን ተዉት። ያለ ምኑ እስክሪብቶ እንደማይሆን ንገሯቸው።