መኪናው ሲያጨስና ጉልበት ሲያጣ፦ «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

መኪና ማጨስ ሲጀምርና ዳገት ላይ ሲለግም ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ በትንሽ ብር የሚፈታ ሆኖ ይገኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና ማሰንበት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ሞተር ለማስፈታት ከመስማማታችሁ በፊት ራሳችሁ የምታዩት ነገር አለ።

ከጠዋቱ ጀምሩ

ሞተሩ አድሮ ሳይነሳ የዘይቱንና የራዲያተሩን መጠን አይታችሁ ጻፉ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም። መኪናውን ደጅ አውጡት፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ሰው ይገድላል። ሌላ ሰው ያስነሳላችሁ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙና እዩ።

ጥቁር ጭስ

ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት፣ ማራገፍ አያዋጣም። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ናፍጣ መኪና ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። በዘይት የራሰ ቦታ ካለ እዚያ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው የሚያፏጭ ከሆነም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ተራው ነዳጅ የሚረጩት የኢንጀክተሮቹ ነው፤ እነሱን ደግሞ መፈተሻ መሣሪያ ያለው የፖምፓ ባለሙያ ይያቸው።

ቤንዚን መኪና ላይ አንድ የአገራችን ልማድ አለ። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ክዳን፣ ነቅሎ መጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። የሙቀት መለኪያው በጉዞ ላይ ወደ መሃል የማይደርስ ከሆነ ቴርሞስታት መኖሩን ጠይቁ።

ነጭ ጭስ

በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ጭስ የውሃ ተን ነው፤ እርሱት። ሞተሩ ሞቆም ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። መጽሐፍ «ጣፋጭ ሽታ ፈልጉ» ይላል። ሽታው የሚመጣው ከኩላንት ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ መኪና ምንም አይሸትም፣ ስለዚህ አፍንጫችሁን አትመኑ፤ የጻፋችሁትን መጠን እመኑ። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ መኪናውን አታስነሱት፣ አስጎትቱት። ናፍጣ መኪና ላይ ግን ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይታዩ።

ሰማያዊ ጭስ

ዘይት እየተቃጠለ ነው። እዚህ ላይ ነው ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈታው። ዘይት በሁለት ዋና መንገድ ይገባል፦ ከላይ ባረጀ የቫልቮቹ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ ከታች ባለቁ የፒስተን ፋሻዎች (ፒስተኑን የከበቡ ቀለበቶች)። የመጀመሪያው በአብዛኛው ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራል። ሁለተኛው ግን ሞተሩ ሳይፈታ አይቀየርም።

ለቤንዚን መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ መንገድ ጥሩ መፈተሻ ነው። በማርሽ ተይዞ የወረደ መኪና ድልድዩ ጋ ደርሶ ነዳጅ ሲሰጠው አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ከጠራ፣ ጣታችሁን ወደ ኦይል ሲሉ ቀስሩ። ወደ ደጀን ሲወጣ ዳገቱን ሙሉ ካጨሰ ግን ፋሻው ነው። ከተማ ውስጥም ረጅም ቁልቁለት አይጠፋም። ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚጠራም ችግሩ ከኦይል ሲሉ ወገን ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ቱርቦው ራሱ ዘይት ሊያሾልክ ስለሚችል እሱም ይታይ።

ዘይት ማወፈሪያ የሚሸጡላችሁን አትስሙ። ጭሱን ለተወሰነ ጊዜ ይደብቀዋል፣ ምርመራውን ግን ያበላሻል።

ኮምፕሬሽን መለካት

ጥርጣሬው ፋሻ ላይ ከወደቀ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ግፊት፣ ሳይለካ ሞተር አይፈታ። መለኪያው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፣ መዋስም ይቻላል። የማወራው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው። የናፍጣ ኮምፕሬሽን ከ400 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሊያልፍ ስለሚችል የራሱ መለኪያ አለው፤ ለባለሙያ ተዉት።

ሞተሩን አሙቁ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝና የኮይሎቹን ሶኬት ንቀሉ። ካንዴላዎቹን ሁሉንም አውጡ። አንዱን ብቻ አውጥቶ የሚለካ መካኒክ ቸኩሏል። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ረግጣችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ፣ መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም። ለየሲሊንደሩ ቁጥሩን ጻፉ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። የመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ 180 ፒኤስአይ የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 135 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። ጅቡቲ ቢወርድ ያንኑ 180 ያሳያል። ቱርቦ የሌላት ትንሽ መኪና እንጦጦ ላይ የምትለግመውም ሳትታመም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ የማውቀው ሰው ኮሮላው «130 ነው፣ አልቋል» ተብሎ ሞተሩ ወረደ። አራቱም ሲሊንደሮች 130 አካባቢ ነበሩ፣ እኩል። ሲፈታ ፋሻው ደህና ነበር። ያጨስ የነበረው በኦይል ሲሉ ነው። የማውረጃውን ሒሳብ ግን ማንም አልመለሰለትም።

ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ትንሹ ከትልቁ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ። ያነሰው ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቷል። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ደግሞ ሁሉንም በዘይት ፈትኑ፤ ፋሻ እኩልም ያልቃል።

ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ

የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይሩ። ናፍጣ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ውሃ አፍስሱ። የሞተሩ ዙር ሲጨምር መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬን ይዞታል። ከስልክ ጋር የሚሠራ ኮድ ማንበቢያ ይጠቅማል፣ ግን የሚነግራችሁ የትኛው ሴንሰር እንዳማረረ ነው። ጥፋተኛው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ኮዱ የጠራውን ዕቃ ልትገዙ ወደ ሶማሌ ተራ አትሩጡ።

ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ከተደፈነ መኪናው ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ደህና ይሠራል፣ ፍጥነት ላይ ግን ይታፈናል። ከፊቱ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትታችሁ በቀዳዳው እንዲተነፍስ አድርጉና ለአጭር ጊዜ ሞክሩት። ይጮኻል፣ ጉልበቱ ግን ከተመለሰ ተደፍኗል ማለት ነው። ሲያጨስ የኖረ መኪና ከሆነ የደፈነው የተቃጠለው ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ ሳይቆም አዲስ ካታሊስት አትግዙ።